ፊቱ የወደቀ ፒካፕ፦ የቶርሽን ባር ማስተካከል አገልግሎት በሰሜን ሸዋ ሲመዘን

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጋራዥ ገብቶ «አለቃ፣ ፊቱን ትንሽ ከፍ አድርግልኝ» የሚል ባለ ፒካፕ አይጠፋም። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። መካኒኩ ከመኪናው ሥር ገብቶ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት የቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ በሞላ ፈንታ የመኪናውን ፊት የሚሸከም ዘንግ) ማስተካከያ ቡሎኖች ያዞራል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መኪናው ደረቱን ነፍቶ ይቆማል። ባለቤቱ አንዴ ዞሮ አይቶት ከፍሎ ይሄዳል። ጣጣው ብቅ የሚለው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ የፊት ጎማው በውጭ ጠርዙ ይላጫል፣ መሪው ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ ይቅበዘበዛል፣ ጠጠር መንገድ ላይ ደግሞ ከፊት «ኳ» የሚል ድምፅ ይለምድበታል።

እዚህ የሚመዘነው አገልግሎቱ ራሱ ነው እንጂ አንድ የተለየ ጋራዥ አይደለም። ፍርዱን አስቀድመን እናስቀምጠው። በእርጅና፣ ወይም ከፊት በተጨመረ ዊንች (መጎተቻ)ና መከላከያ ብረት ምክንያት የወደቀን ፊት ወደ ቀድሞ ቁመቱ ለመመለስ ከሆነ፣ ለመኪና ከሚወጡ ወጪዎች ሁሉ ይህን ያህል በትንሽ ገንዘብ ብዙ የሚመልስ ጥቂት ነው። ባዶውን መኪና ፊትና ኋላውን አስተካክሎ «ቀጥ» እንዲል ከሆነ ግን፣ ከእነዋሪ ጤፍ፣ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ለሚጭን ሰው ገንዘቡ ኪሱ ውስጥ ቢያድር ይሻላል።

በቅድሚያ መኪናው ቶርሽን ያለው መሆኑ ይታወቅ፤ ሞላ ላለው መኪና «ቶርሽን አስተካክላለሁ» ተብሎ ዋጋ የሚጠራበት ጊዜ አለና። ቪጎ ከመምጣቱ በፊት የነበረው፣ ከ1997 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሠራው ፎር ባይ ፎር ሃይሉክስ ቶርሽን ነው፤ ቪጎና ከዚያ ወዲህ ያሉት ከፊት ሞላ ናቸው። ከዚያ የሚያረጀው ፎር ባይ ፎር ሃይሉክስ ከፊትም ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ቅጠል) ያለው ሊሆን ይችላል፤ እሱን ይህ ጽሑፍ አይመለከተውም። የመጀመሪያው ትውልድ ዲማክስ (ከ2002 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ገደማ) ቶርሽን ነው፣ ቀጣዩ ሞላ። ኤል 200 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ የኒሳን ሃርድ ቦዲና ተከታዩ፣ የፎርድ ሬንጀርና የማዝዳ አሮጌዎቹ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ፎር ባይ ፎሮቹ ቶርሽን ናቸው። ሰው የሚጭነው፣ አፍንጫ የሌለው የተለመደው ሃይኤስ ሚኒባስም ከፊት የቆመው በዚሁ ዘንግ ላይ ነው። ጥርጣሬ ካለ ከፊት ጎማው ጀርባ ጎንበስ ብሎ ማየት ነው፦ ከጎማው ክንድ ተነስቶ በሻንሲው ጎን ለጎን ወደ ጋቢናው ሥር የሚሄድ፣ ከአውራ ጣት ወፈር ያለ ድቡልቡል ዘንግ ካለ ቶርሽን ባር እሱ ነው።

የዘንጉ አሠራር አጭር ነው። የፊቱ ጫፍ በጥርስ ከጎማው ክንድ ጋር ተያይዟል፤ በአሮጌው ሃይሉክስ ከላይኛው ክንድ፣ በዲማክስ ከታችኛው። የኋላው ጫፍ ሻንሲው ላይ የሚያርፍ አጭር ማስተካከያ ክንድ ውስጥ ገብቷል። ጎማው ሲነሳ ዘንጉ ይጠመዘዛል፣ ሲወርድ ይፈታል፤ የመኪናውን ፊት የተሸከመው ይህ መጠምዘዝ ነው። ማስተካከያውን ክንድ የሚገፋው ረጅም ቡሎን ሲጠብቅ ዘንጉ በሙሉ ትንሽ ይዞራል፣ የጎማውን ክንድ ወደ ታች ይገፋል፣ የመኪናው ፊትም ይነሳል።

ብዙ ባለ መኪና፣ አንዳንድ መካኒክም ጭምር፣ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ቡሎኑ ሲጠብቅ ዘንጉ አይጠነክርም። የጠፍር አልጋ እግሩ ሥር ድንጋይ ቢገባ አልጋው ከፍ ይላል እንጂ ጠፍሩ አይጠብቅም። የዘንጉ ጥንካሬ የሚወሰነው በውፍረቱ፣ በርዝመቱና በብረቱ ነው፤ ሦስቱንም ቡሎን አይነካቸውም። ስለዚህ «ዊንች አስገጥሜአለሁ፣ እንዲሸከምልኝ ቶርሽኑን አጥብቀው» ማለት ቁመት ይመልሳል እንጂ አቅም አይጨምርም።

«ታዲያ ከጠበቀ በኋላ መኪናው ለምን ይደርቃል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። የሚደርቀው ጎማው የመውረጃ ቦታ ስለሚያጣ ነው። ጎማው ከቆመበት ወደ ታች 8 ሴንቲ የመውረድ ዕድል ቢኖረው፣ ፊቱን 5 ሴንቲ ያነሳ ሰው 3 ሴንቲ ብቻ አስቀርቷል። ከዚያ በኋላ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ክንዱ ሻንሲው ላይ ካለው የላስቲክ መምቻ ጋር ይላተማል፤ «ኳ» የሚለው ያ ነው። አስፋልት ላይ ላይሰማ ይችላል። ከመሃል ሜዳ ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሚገቡት፣ እንደ ማጠቢያ ሰሌዳ በተሞገዱ ጠጠር መንገዶች ላይ ግን በየሜትሩ ይመታል፤ መጀመሪያ ላስቲኩ፣ ቀጥሎ ሾካብዞርበሩ (ርግጫውን የሚያበርደው)፣ ከዚያ ቦልጆይንቱ (የክንዱ ኳስ መገጣጠሚያ) ይሄዳል። በዚያ ላይ ሾካብዞርበሩ ራሱ ተዘርግቶ ጫፍ ላይ ስለሚደርስ ከውስጥ ይመታል፣ ዘይት ማፍሰስም ይጀምራል።

እንግዲህ አገልግሎቱ ሲሰጥ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው ነገር አንድ ነው፦ መካኒኩ ከቁልፉ በፊት ሜትር ያወጣል ወይስ አያወጣም።

ልኬቱ የሚወሰደው ከጎማው መሃል፣ ማለትም ከሃቡ እምብርት፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ቅስት) የታች ጠርዝ ነው። ከመሬት እስከ ፓራፋንጎ የሚለካ ሰው የጎማውን ንፋስና መበላት አብሮ ለክቷል፤ ልኬቱ አይታመንም። አራቱም ማዕዘን ይለካል፣ ይጻፋል። ከዚያ በፊት የአራቱም ጎማ ንፋስ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ መሠረት ይሞላል። የደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ውርጭ ሌሊቱን ንፋሱን ስለሚያወርደው ጠዋት የተለካ ጎማና ከሰዓት የተለካ ጎማ አንድ አይደሉም፤ ሁለቱን ወገን በአንድ ሰዓት መለካት ነው። ካሶኒው (የኋላ መጫኛው) ባዶ ይሁን፤ ወይም ሁልጊዜ የሚጭነው የመሣሪያ ሳጥን ካለ እሱ ብቻ ይኑር።

መሬቱስ? ለጥ ያለ የሚመስለው የማደያ ግቢ ሁሉ ለውኃ መውረጃ ተብሎ ያዘነበለ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ መኪናውን ለክቶ፣ አዙሮ በዚያው ቦታ በተቃራኒ አቅጣጫ አቁሞ እንደገና መለካት። ዝቅ ያለው ወገን ከተቀያየረ ጥፋቱ የመሬቱ ነው። ይህን ሳያደርግ «ግራው ወድቋል» ብሎ ግራውን ብቻ የሚያጠብቅ መካኒክ፣ ደህናውን መኪና አጣሞ ይመልሳል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘለው ምርመራ ከኋላ ነው። ከፊት በአንድ ወገን ያዘነበለ መኪና ሁሉ የቶርሽን በሽተኛ አይደለም። ከኋላ አንዱ ባሌስትራ ደክሞ ወይም አንዱ ቅጠል ተሰብሮ ከሆነ፣ መኪናው በሻንሲው በኩል ፊቱንም ያዛባል። ክሪኩ ከኋላ ዲፈረንሻሉ መሃል ላይ ይደረግና ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ከመሬት በጥቂቱ ብቻ እስኪለቁ ድረስ ይነሳል፤ የፊት ጎማዎች በሁለቱም በኩል በጠንካራ ሽብልቅ ይታገዱ፣ ማንም ሰው ከሥር አይግባ። የኋላው ክብደት በአንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍ የፊቱን ማዘንበል የሚወስነው ፊቱ ብቻ ይሆናል። ያኔ ፊቱ ከተስተካከለ፣ የሚጠገነው የኋላው ባሌስትራ ነው፤ ቶርሽኑ አይነካ። የፊቱን መውደቅ የሚያመጡ ሌሎችም አሉ፦ ያለቀ የክንድ ቦኮላ (ክንዱ የሚያርፍበት ባለ ላስቲክ ቀለበት)፣ ጥርሱ የተበላ ማስተካከያ ቡሎን፣ አልፎ አልፎም የተሰነጠቀ ዘንግ። ቦኮላው ያለቀ መኪና ላይ ቡሎን ማጥበቅ የሚያፈስ በርሜል እንደ መሙላት ነው።

ልኬቱ ካለቀ በኋላ ወደ ቡሎኑ። የእነዋሪና የጅሩ ዋልካ ጭቃ በክረምት ማስተካከያውን ሞልቶ በበጋ እንደ ሲሚንቶ ይደርቅበታል። ጭቃው በሽቦ ቡሩሽ ተፍቆ፣ ከማስተካከያው በላይ የወጣው የቡሎን ጥርስ ተጠርጎ፣ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ተረጭቶበት ቢያድር ጥሩ ነው፤ ካልሆነም ሁለት ሦስት ሰዓት ይጠበቅ። ናፍጣ የሚረጩ አሉ፤ ይሠራል፣ ነገር ግን ቦኮላው ላይ እንዳይደርስ፣ ላስቲክ ያሳብጣልና። ከዚያ የቡሎኑ ጥርስ ከዳዶው በላይ ስንት ሚሊ እንደሚታይ በግራም በቀኝም ተለክቶ ይጻፋል። ይህች ቁጥር ወደ ኋላ መመለሻ መንገድ ናት፤ ሥራው ካልተወደደ መኪናው ወደነበረበት የሚመለሰው በእሷ ብቻ ነው።

መኪናው መሬት ላይ ቆሞ፣ ሙሉ ክብደቱን ተሸክሞ ቡሎኑን ማጥበቅ የተለመደ ስህተት ነው። የቡሎኑ ጥርስ በብዙ መቶ ኪሎ ግፊት ሥር እየተፋተገ ይበላል፤ በንፋስ መፍቻ ከተደረገ ደግሞ ይባስ። ትክክለኛው አካሄድ የኋላ ጎማዎችን አግዶ፣ ሻንሲውን ከፊት ግራና ቀኝ አንስቶ፣ ሁለቱም የፊት ጎማዎች እንዲንጠለጠሉ ማድረግ ነው። ድጋፉ ከሻንሲው ሥር የሚገባ የብረት መደገፊያ ወይም ሰፊ የእንጨት ግንድ ይሁን። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም፤ የተደራረበ ድንጋይም እንደዚያው፣ ድንጋይ ሲሰነጠቅ አያስጠነቅቅም። ጎማው ሲንጠለጠል ዘንጉ ላይ ያለው ኃይል አብዛኛው ይለቃል፤ ቡሎኑ በእጅ ቁልፍ ያለ ብዙ ትግል ይዞራል። ጥርሱ ግሪስ ይቀባ።

ከሁለት ዙር ይጀመር፤ ግራ ሁለት፣ ቀኝ ሁለት። መኪናው ይውረድ። ወርዶ ወዲያው የተለካ ቁመት ሐሰተኛ ነው፤ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ተሰብስበው ስለሚያርፉ ፊቱ ከእውነተኛው በላይ ከፍ ብሎ ይቆማል። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ፣ ሁለት ሦስት ጉብታ አልፎ፣ ፍሬን ተይዞ ተለቅቆ ከተመለሰ በኋላ ነው የሚለካው። በብዙዎቹ ፒካፖች አንድ ሙሉ ዙር ከ3 እስከ 6 ሚሊ ያነሳል፤ የእያንዳንዱ መኪና ልክ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ይታወቃል። ሁለት ዙር 9 ሚሊ ካነሳ፣ 25 ሚሊ ለሚፈልግ ሰው በድምሩ አምስት ዙር ተኩል ገደማ ማለት ነው። አንዱ ወገን ዝቅ ካለ ለእሱ ግማሽ ዙር ይጨመርለታል፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው። ሁለቱ የፊት ጎማዎች በስታቢላይዘሩ ስለተያያዙ አንዱን መንካት ሌላውንም ያንቀሳቅሳል፤ ስለዚህ በየእርምጃው ሁለቱም ወገን ይለካ። የግራና የቀኝ ልዩነት ከ5 ሚሊ በታች ከሆነ ሥራው ንጹሕ ነው፤ 10 ሚሊ ከደረሰ ይመለስ።

ባለ መኪናው «አለቃ፣ ስንት ዙር አዞርከው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመጣው መልስ ጋራዡን ይነግረዋል። «ግራውን አራት፣ ቀኙን አራት ተኩል፤ 22 ሚሊ ወጥቷል» ያለ ሠራተኛ ገንዘቡ ይገባዋል። «አይዞህ ጋሼ፣ አሪፍ አድርጌዋለሁ» ካለ ግን ሜትሩ ከሳጥኑ አልወጣም።

የት ላይ ይቆማል? ከፋብሪካው ቁመት ከ25 እስከ 30 ሚሊ በላይ ማንሳት አይመከርም፤ 40 ሚሊ ላይ የደረሰ መኪና ዕዳ ውስጥ ገብቷል። ከሜትሩ ሌላ ሁለት ምልክቶች አሉ። አንደኛው መኪናው በጎማው ቆሞ ሳለ በላይኛው ክንድና በመውረጃ መምቻው መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ ጣት የማያስገባ ከሆነ ከልክ አልፏል። ሁለተኛው ፎር ባይ ፎር በሆነው ላይ የሲቪ ጆይንቱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መታጠፊያ) ማዕዘን ነው። ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ ቁልቁል በጎበጠ ቁጥር የላስቲክ ሽፋኑ እጥፋቶች እርስ በርስ እየተፋተጉ ይቀደዳሉ፤ አቧራ ይገባል፤ መሪ ሲጠመዘዝ «ቀጭ ቀጭ» የሚለው ድምፅ ይከተላል። ሃቡ በእጅ የሚቆለፍ ከሆነና ተፈቶ የሚነዳ ከሆነ ይህ ይዘገያል፤ ሁልጊዜ በተያያዘው ላይ ግን ፈጥኖ ይመጣል።

አሁን ወደ «ቀጥ» ማድረግ። ፒካፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ኋላው ከፊቱ ከፍ ያለው በስህተት አይደለም፤ ሲጫን እንዲስተካከል ነው። ካሶኒው ላይ አሥር ኩንታል፣ ማለትም አንድ ቶን፣ ሲያርፍ ኋላው እንደ ባሌስትራው ዓይነት ብዙ ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ፊቱ ግን አይወርድም፣ እንዲያውም ትንሽ ሊነሳ ይችላል። ባዶውን ቀጥ ያለ መኪና ገብስ ሲጫንበት አፍንጫው ወደ ሰማይ ይቀናል። ስለዚህ የሚጭን መኪና ባዶውን ሳለ በጋቢናው የታች ጠርዝ ላይ ሲለካ ኋላው ከፊቱ ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ከፍ ብሎ ይቅር። ስምንትና አሥር ኩንታል የዘወትር ጭነቱ ከሆነ የፋብሪካውን ቁመት አለመንካት ነው። ደረጃው የሚለካው በጋቢናው ጠርዝ መሆኑ ይያዝ፤ የፊትና የኋላ ፓራፋንጎ ቅስቶች ከመጀመሪያውም እኩል ስላልተቆረጡ በእነሱ «እኩል» የተደረገ መኪና እኩል አይሆንም። ለቢሮ ሥራ ብቻ የሚውል፣ ካሶኒው ከመለዋወጫ ጎማ በስተቀር የማይሸከም ደብል ጋቢና ግን ቢስተካከል የሚጎዳው ነገር የለም።

ጭነቱን ለመቋቋም ብለው ከኋላ የባሌስትራ ቅጠል የሚጨምሩ አንድ ነገር ያጣሩ። በብዙ ፒካፖች ላይ ከኋላ አክሱ ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ግፊት ማከፋፈያ ቫልቭ አለ። ኋላው ከፍ ሲል ቫልቩ «መኪናው ባዶ ነው» ብሎ የኋላ ፍሬኑን ይቀንሳል። ከጣርማበር፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ፣ በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወረድ የፊት ፍሬኖቹ ሥራውን ብቻቸውን ይሸከሙታል፤ ይግላሉም። ቅጠል የጨመረ ጋራዥ የቫልቩን ዘንግ ካላስተካከለ ሥራው ግማሽ ነው።

የመብራቱ ጉዳይ ችላ ስለሚባል ሒሳቡን እንሥራው። የፒካፕ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት ወደ 3 ሜትር ነው። ፊቱ 3 ሴንቲ ከተነሳ መኪናው በየሜትሩ 1 ሴንቲ ወደ ላይ አዘነበለ ማለት ነው፤ 50 ሜትር ላይ የመብራቱ ጨረር ግማሽ ሜትር ከፍ ይላል። አጭር መብራት በተለምዶ በየሜትሩ 1 ሴንቲ ገደማ ቁልቁል እንዲያይ ሆኖ ስለሚስተካከል፣ ሦስት ሴንቲ ማንሳት ያንን ቁልቁለት በሙሉ በላው። የጣርማበር ጉም ውስጥ ከፍ ብሎ የሚያይ መብራት ነጭ ግድግዳ ነው የሚያሳየው፤ ከፊት ለሚመጣው የጭነት መኪና ሾፌር ደግሞ ዓይን ላይ ይተከላል። ማስተካከያው ከመብራቱ ጀርባ ያለች ብሎን ናት። ከሥራው በፊት ከግድግዳ 5 ሜትር ርቆ የጨረሩ የላይ ጠርዝ በኖራ ይሰመር፤ ከሥራው በኋላ በዚያው ቦታ ቆሞ ጨረሩ ወደ መስመሩ ይመለስ፣ መብራቱ ራሱ ከፍ ባለበት ልክ ብቻ ከመስመሩ በላይ ይቅር። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ከሒሳቡ ውስጥ የሚያካትት ጋራዥ አንድ ተጨማሪ ነጥብ ይገባዋል።

አላይመንት (የጎማዎቹን ማዕዘን ማስተካከል) ግን ምርጫ የለውም። ቁመቱ የተለወጠ ፊት ጎማው የሚቆምበት ማዕዘን ሁሉ ተለውጧል። ብዙውን ጊዜ የጎማው ራስ ወደ ውጭ ያዘነብላል፣ የውጭው ጠርዝ የሚላጨው ለዚህ ነው፤ መሪው በራሱ እንዲመለስ የሚያደርገው ወደ ኋላ ያለ ዝንባሌም ይቀንሳል፣ መቅበዝበዙ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ የሁለቱ ጎማዎች የፊት ለፊት መቀራረብም ይዛባል። የመጨረሻውን በገመድና በሜትር ለጊዜው ማስተካከል ይቻላል፦ በሃቡ ከፍታ ላይ በጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከፊት ሲለካ ከኋላው ጋር እኩል ወይም እስከ 2 ሚሊ ያነሰ ይሁን። የቀሩት ሁለቱ ግን ማሽን ይፈልጋሉ። ቴስቲናው (የመሪ ዘንጉ ጫፍ መገጣጠሚያ)ና ቦልጆይንቱ ልል ከሆነ ደግሞ ማሽኑም አይረዳም፤ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ ተይዞ ይነቅነቅ። ዋጋ ሲነጋገሩ «አላይመንቱ ውስጡ አለ?» ብሎ መጠየቅ፤ ከሌለ የቶርሽኑ ርካሽነት የሐሰት ነው።

ቡሎኑ እስከ መጨረሻው ገብቶ ፊቱ አሁንም ዝቅ ካለ ሦስት መንገድ ይቀርባል። ዘንጉን አውጥቶ በአንድ ጥርስ አዙሮ መመለስ የመጀመሪያው ነው። ለአቅም ምንም አይጨምርም፤ የሚሰጠው ለቡሎኑ አዲስ የመሄጃ ቦታ ነው። አንድ ጥርስ በጣም ብዙ ስለሚያነሳ ከዚያ በኋላ ቡሎኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። እዚህ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በአንዳንድ ሞዴሎች ጎማው ተንጠልጥሎም ዘንጉ ላይ የሚቀር ኃይል አለ፣ ቡሎኑ በአንዴ ከተነቀለ ማስተካከያው ክንድ እንደ ወጥመድ ይመታል። ሲወጣም የክንዱና የዘንጉ ጥርስ በቀለም ምልክት ይደረግባቸው።

ሁለተኛው ማዕዘኑ ተቀይሮ የተሠራ ማስተካከያ ክንድ ገዝቶ መግጠም ነው። ሻጮቹ «ቡሎን ከማጥበቅ ይሻላል፣ መኪናውን አያደርቅም» ይላሉ። ይህ ውሸት ነው። ለአንድ ዓይነት ቁመት ዘንጉ የሚሸከመው ክብደት አንድ ስለሆነ መጠምዘዙም አንድ ነው፤ በቡሎን ይነሳ በክንድ፣ ጎማው የሚያጣው የመውረጃ ቦታ እኩል ነው። ጥርስ ማዞር ነፃ ሆኖ ሳለ ለዚህ መክፈል አይታየንም።

ሦስተኛው ዘንጉን መለወጥ ነው፤ ዊንችና ከባድ መከላከያ ተሸክሞ አቅም ላነሰው መኪና መፍትሔው ይህ ብቻ ነው። የዘንግ ጥንካሬ የሚያድገው በውፍረቱ አራተኛ ኃይል (ውፍረት × ውፍረት × ውፍረት × ውፍረት) ነው፤ 24 ሚሊ ዘንግ በ26 ሚሊ ቢተካ፣ ርዝመቱ ሳይለወጥ፣ ጥንካሬው 38 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ከዚያ በላይ መወፈር ባዶውን መኪና የበቅሎ ጀርባ ያደርገዋል። እንደ ኦልድ ማን ኢሙ ያሉት ለብዙ ሞዴሎች ወፍራም ዘንግ ይሠራሉ፤ ሾካብዞርበሩ አብሮ ካልተቀየረ ግን አሮጌው የአዲሱን ዘንግ ርግጫ አይቆጣጠረውም።

ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዘንግ የሚያመጣ ሰው ሦስት ነገር ይይ። ጫፉ ላይ የግራና የቀኝ ምልክት አለ፤ ዘንጉ ከፋብሪካ በአንድ አቅጣጫ እንዲጠመዘዝ ሆኖ የተዘጋጀ ስለሆነ ግራውን ቀኝ መግጠም መስበር ነው። ገላው ላይ ጭረት፣ የዝገት ጉድጓድ ወይም የብየዳ ጠብታ ካለ አይገዛ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያች ጭረት ነው። ቀለሙም ለውበት አይደለም፣ የተላጠው ይቀባ። በቱቦ መፍቻ ተነክሶ የተፈታ ዘንግ የጥርሱ ምልክት ገላው ላይ ይታያል፤ ሻጩ ቢምልም ይተውት።

ከሥራው በኋላ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዳ አራቱም ማዕዘን በዚያው ሜትር፣ በዚያው መሬት ላይ ይለካ። አዲስ ዘንግ በዚህ ጊዜ ውስጥ ጥቂት ሚሊ መውረዱ ያለ ነው፤ ግማሽ ዙር ይበቃዋል። በአሮጌ ዘንግ ላይ ግን አንድ ሴንቲ ከወረደ ማስተካከያ ቡሎኑና ዳዶው ይታዩ፤ የጥርሱ ርዝመት ሥራው ሲያልቅ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ካልገጠመ ቡሎኑ እየላላ ነው፣ ከገጠመ ደግሞ ዘንጉ ደክሟል።